አቡዘርና ልጆቹ የተባለው የዓብዱሰመድ ሱቅ

ስልኩ ሲጠራ ሱሪያ የሱቁን ፍሪጅ እየሞላች ነበር። ከታች የዘይቱን፣ ከመሃል የብርቱካን፣ ከላይ የማንጎ ጁስ ትደረድራለች። ማንጎ ቶሎ ስለሚሸጥ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይገባዋል ብሎ ሕግ ያወጣው ባሏ ዓብዱሰመድ ነው። ሕግ ማውጣት ይወድ ነበር፤ ሕጉን የሚያከብርለት ግን ፍሪጁ ብቻ ነው።

የደወለው ከይረዲን ነበር፤ ለአሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው የሠራው የሱቁ ሠራተኛ። ጠዋት ዓብዱሰመድን ወደ ንግድ ፈቃድ ቢሮ ያደረሰውም እሱ ነው።

«እትዬ ሱሪያ፣ ሱቁን ዝጊውና ቤት ግቢ» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ግቢ ብቻ።»

«ከይረዲን፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። ንገረኝ።»

ነገራት። ዓብዱሰመድ ቢሮው ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፋይሉን እንዳቀፈ፣ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሞቷል። የተኛ መስሏቸው ነበር። እዚያ ቢሮ ተኝቶ መጠበቅ የተለመደ ስለሆነ ማንም አልቀሰቀሰውም። ወለል የሚጠርገው ሰው ነው እግርህን አንሳ ብሎ የነካው።

«ቁጥሩ ስንት ነበር?» አለች ሱሪያ።

«የምን ቁጥር?»

«የተራው።»

ከይረዲን ከሟቹ እጅ የወሰዳትን ቁራጭ ወረቀት አየ። «አርባ አንድ።»

«እነሱ ስንት ላይ ደርሰው ነበር?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ለሦስት ሰው» አለች ሱሪያ። ከዚያ የቀሩትን ማንጎዎች ደረደረች። ከማንጎው ጀርባ፣ ቤት ውስጥ መብራት ስለሚጠፋ እዚህ የሚቀመጠው የዓብዱሰመድ የስኳር መድኃኒት አለ። እዚያው ተወችውና የፍሪጁን በር ዘጋች።

ከዓስር ሰላት በኋላ ተቀበረ። ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተከለና ሰው ይጎርፍ ጀመር። ሴቶቹ ውስጥ፣ ወንዶቹ ደጅ። ሱሪያ ባሏ የሞተባት ሴት የምትገባውን ዒዳ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት የማትወጣበትን ጊዜ ጀምራ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። የሚመጣው ሰው ሁሉ ደጅ ላይ አንድን ሰው እያቀፈ ሲያጽናና ትሰማለች።

«አላህ ያጽናህ አቡዘር። እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ ከየት ታገኛለህ?»

«ሱቅህን እንደራሱ ነበር የሚያየው፣ አቡዘር።»

አቡዘር ደግሞ በወፍራም ድምፁ፣ «ምን ይደረግ፣ የአላህ ሥራ ነው፤ ቀኝ እጄ ነበር» ይላል።

ከሱሪያ ጎን የተቀመጠች ጎረቤት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ቀኝ እጁ ከሆነ ይሄ ሰውዬ በምኑ ነበር ሲበላ የኖረው?» አለቻት።

«በእኛ» አለች ሱሪያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓብዱሰመድ ከድሬዳዋ ጅቡቲ የገባው በፈረንጅ 1998 ነው። ሰሜን ላይ ጦርነት ተነስቶ የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ ወደብ ሲጎርፍ የድሬ ነጋዴ ግማሹ ወደ ባሕሩ ወረደ። አባቱ ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። እሱ ጅቡቲ ደርሶ መጀመሪያ ያየው ጥማት ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ሰው ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለለ ይሄዳል፤ ውሻ ከቆመ መኪና ሥር አይወጣም። ይህን ያየ ሌላ ሰው ውሃ ይሸጥ ነበር። ዓብዱሰመድ ግን ውሃ የዝቅተኛ ሰው ንግድ ነው ብሎ የታሸገ ጁስ መረጠ፤ ያቺን መምጠጫ ከጀርባዋ የተለጠፈባትን ትንሽዬ ካርቶን።

አላህ ቀልድ አያጣም። በገባ በሦስተኛው ዓመት ሐኪም ስኳር አለብህ አለው። ከዚያ ወዲያ ከሚሸጠው አንድ ጠብታ አልቀመሰም። የሱቁ ምላስ ሱሪያ ሆነች። አዲስ ናሙና በመጣ ቁጥር ከፊቷ ተቀምጦ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

«እንዴት ነው?»

«ማንጎ በአጠገቡ ያለፈ ውሃ ነው።»

«ይሸጣል?»

«ይሸጣል። ቀለሙ ያምራል።»

በዚህ ዓይነት ለአሥራ ስድስት ዓመት በሚስቱ ፊት ላይ ጁስ ሲቀምስ ኖረ።

የውጭ ሰው በስሙ ዕቃ ማስገባት አይችልም ተብሎ ተነገረው። እውነት ይሁን አይሁን አላጣራም፤ የነገረው አቡዘር ነበር። አቡዘር ድሬ አድጎ የጅቡቲ መታወቂያ ያለው ሰው ነው። ሌላ ሙያ የለውም፤ መታወቂያው ይበቃዋል። ፈቃዱ በእሱ ስም ወጣ። ዕቃውን የሚያዝዘው፣ ወደብ ሄዶ ፀሐይ ላይ የሚቆመው፣ ከትራንዚተር ጋር የሚጨቃጨቀው ዓብዱሰመድ፣ የሚፈርመው አቡዘር። ለውለታው ከየኮንቴይነሩ መጀመሪያ የወረደው ካርቶን ወደ ቤቱ ይሄድለታል፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ምሳውን ሱሪያ ቤት ይበላል። ሊፈርም ሲመጣ እስክሪብቶ እንኳ ይዞ አይመጣም።

ታፔላ የጻፈው ሠዓሊ በፈረንሳይኛ «አቡዘር» ብሎ ሲጨርስ ቆርቆሮው ግማሽ ባዶ ቀረበት። ባዶ ቆርቆሮ አያምርም ብሎ በራሱ ሥልጣን «እና ወንድ ልጆቹ» ሲል ሞላው። አቡዘር ያሉት አራት ሴቶች ልጆች ናቸው። ለዓብዱሰመድና ለሱሪያ ደግሞ አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ስለዚህ ጭራሽ ያልተወለዱ ወንዶች ከባለቤቱ ቀድመው ታፔላ ላይ ወጡ። ዓብዱሰመድ ይህን ሲያነብ መጀመሪያ ሰሞን ይስቅ ነበር። በኋላ ወደ ሱቁ ሲገባ አንገቱን ደፍቶ መግባት ጀመረ፤ ቢጠየቅ ፀሐዩ ነው ይላል።

አንድ ነገር ነው የፈለገው። ስሙ ወረቀት ላይ እንዲወጣ። ሀብት አልነበረም ያማረው፤ ዜግነትም አልጠየቀም። «አስመጪ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ዓብዱሰመድ ተብሎ ማየት ብቻ።

በፈረንጅ 2011 ዕድሉ መጣ። ረጅም ጊዜ የኖረ የውጭ ነጋዴ በራሱ ስም ጊዜያዊ ፈቃድ ያገኛል፤ አንድ ጭነት ያለ እንከን ካስገባ ጊዜያዊው ቋሚ ይሆንለታል ተባለ። ዓብዱሰመድ ለዚህች አንዲት ጭነት ሲያስብ ከረመ። ዱባይ ሩቅ ነው፣ ባሕሩም የሰው ነው፤ የአገሬን ማንጎ አመጣለሁ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ አንድ ማሸጊያ ጋር ተዋዋለ። ረመዳን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይገባል። ከተማው ሙሉ በፍጡር፣ ጾም በሚፈታበት ሰዓት፣ የእሱን ማንጎ ሊጠጣ ነው።

ጅቡቲ ውስጥ ጫት ቀትር ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ ከተማው ሥራ አይሠራም፤ ያቅዳል እንጂ። ዓብዱሰመድም እንደ ሰው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ሰው ነው። ማሸጊያው ዘንድ ያለው ኃላፊ ሙሐዲን የደወለለት ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ምርቃናው ጫፍ ሲደርስ ነበር። ቤቱ እንግዶች ሞልተውታል።

«ዓብዱሰመድ፣ ካርቶኑ ላይ የሚታተመው ቀን በየትኛው አቆጣጠር ይሁን?»

ዓብዱሰመድ ስልኩን ሰው ሁሉ እንዲሰማ ከፍ አደረገው። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው አቦ? በራሳችን ነዋ። የማን አገር ጁስ ነው?»

መቃሚያው ክፍል በጭብጨባ ተሞላ። አቡዘር ሳይቀር አጨበጨበ። ሱሪያ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ይሄ ነገር ደግ አይደለም ብላ አሰበች፤ ጉምሩክ ያለው ሰው ሰኔን ከየት ያውቀዋል ብላም አሰበች። ግን በሰው ፊት ባልን ማረም ነውር ነው፤ የመረቀነ ሰው ደግሞ ምክር አይገባውም። ነገ እነግረዋለሁ ብላ ሻዩን አስቀምጣ ወጣች። በማግስቱ ረሳችው። ማሰቧንም መርሳቷንም ዓብዱሰመድ እስኪሞት አላወቀባትም።

ጭነቱ ሐምሌ ላይ ደረሰ። ተቆጣጣሪው አንድ ካርቶን አንስቶ ገለበጠና አነበበ።

«ፔሪሜ ነው» አለ። ጊዜው አልፎበታል ማለቱ ነው።

«መቼ?»

«ኦክቶበር ሠላሳ፣ ሁለት ሺህ አራት። ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው።»

«እሱማ የሚመጣው ዓመት ነው። አሥረኛው ወር ሰኔ ነው።»

«አሥረኛው ወር ሰኔ የሚሆነው የት አገር ነው?»

«እኛ አገር።»

«እናንተ አገር ዛሬ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

ዓብዱሰመድ መልሱ ከአፉ ሳይወጣ ምን እንደሠራ ገባው። «ሁለት ሺህ ሦስት» አለ ቀስ ብሎ።

ተቆጣጣሪው ባልደረቦቹን ጠራ። «ኑ እዩ፣ ይሄ ሰውዬ የመጣው ከስምንት ዓመት በፊት ነው» አላቸው።

ጁሱ ገና የአንድ ወር ዕድሜ እንኳ አልነበረውም። ይህን ለማስረዳት ማስረጃ ያስፈልጋል። ወልደየሱስ የሚባለው የጭነት መኪናው ሹፌር ጋቢናው ውስጥ የሰቀለውን የግድግዳ ካሌንደር አውልቆ ሰጠው። ካሌንደሩ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን አለ፤ ከላዩ ደግሞ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዞ ሰይጣንን ረግጦ ቆሟል። አምስት ወቅት ሰላት የማያልፈው ዓብዱሰመድ ሚካኤልን በብብቱ ይዞ የጅቡቲን ቢሮዎች ለአራት ቀን ዞረ። አንዱ ሹም ሥዕሉን ካየ በኋላ፣ «ከሥር የተረገጠው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«አስመጪው ነው» አለ ዓብዱሰመድ።

ሹሙ ስቆ ሻይ ጋበዘው። ሕጉ ግን አልሳቀም። ካርቶን ላይ ያለው ቀን እንጂ ግድግዳ ላይ ያለው አይነበብም ተባለ። ወደ መጣበት ይመለስ ቢል፣ ከኢትዮጵያ የወጣ ዕቃ ኢትዮጵያ ለመመለስ የኢትዮጵያ አስመጪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ እዚያም የለውም። ስለዚህ ረመዳን በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ከከተማው ውጭ ቆሻሻ መጣያው ላይ፣ ባለቤቱ ባለበት በዶዘር ተደፈጠጠ። ምድሩ ቢጫ ሆነ። እዚያ ከነበረው ፍጥረት ያን ቀን ያልጾሙት ፍየሎቹ ብቻ ናቸው።

ዶዘሩ ሲጨርስ ወረቀት አስፈረሙት። የማስወገጃ ሰነድ ነው፤ ሦስት ማኅተም አለው። አንደኛው መስመር ላይ «አስመጪ» ይላል፤ ከፊቱ ዓብዱሰመድ ከነአባቱ ከነአያቱ ስም ሳይጎድል ተጽፏል። ጊዜያዊ ፈቃዱ ስለተነጠቀ በዚያ ከተማ በአስመጪነት ስሙ የሰፈረበት ሰነድ ያው እሱ ብቻ ሆነ። ፍሬም አስገብቶ ከፍሪጁ በላይ ሰቀለው። ፈረንሳይኛ የማያነብ ደንበኛ የምስጋና ወረቀት ይመስለውና እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። እሱም አመሰግናለሁ ይላል።

ሱሪያ አንድ ጊዜ፣ «አውርደው እንጂ፣ ሰው ይስቅብሃል» አለችው።

«ይሳቅ። ስሜን እያነበበ አይደል የሚስቀው?»

ከዚያ በኋላ ጊዜያዊ ፈቃዱን እንደገና ለማግኘት ከአምስት ዓመት በላይ ፈጀ። በፈረንጅ 2017 መጀመሪያ ከዱባይ አንድ ኮንቴይነር በስሙ አስገባ። የዘንድሮው ዶራሌ ወደብ ላይ አንድም ጥያቄ አልተነሳበትም። ቋሚውን ለማውጣት የቀረችው አንዲት ወረቀት ናት፦ አቡዘር ከሱቁ ፈቃድ ላይ ስሜን አንስቻለሁ ብሎ የሚፈርምባት። አቡዘር ለአራት ወር መነጽሬ ጠፋ አለ፤ መነጽሩ ሲገኝ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ማክሰኞ አልፈርምም አለ። ዓብዱሰመድ በመጨረሻ ያለ እሱ ፊርማ ይሆን እንደሆነ ልጠይቅ ብሎ ቢሮ ሄደ። ቁጥር አርባ አንድ ደረሰው።

በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈርስ አቡዘር ሱሪያን ሊሰናበት መጣ። ባሏ የሞተባት ሴት ባዕድ ወንድ ፊት አትወጣምና እሱ በረንዳ ላይ፣ እሷ ከመጋረጃው በስተኋላ ተቀመጡ።

«ሱሪያ፣ ምንም ቢጎድልሽ እኔ አለሁ። ወንድምሽ ነኝ» አለ።

«የጎደለኝ አንድ ነገር ነው።» ወረቀቱን በመጋረጃው ሥር አሳልፋ አንሸራተተችው፤ ከላዩ እስክሪብቶ አድርጋበታለች። «የወራሽ ማመልከቻ ከይረዲን አስገብቶልኛል። ፋይሉ በዓብዱሰመድ ስም ሆኖ ይቀጥላል ብለዋል ቢሮ ያሉት። ያንተ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«ሱብሃነላህ፣ ሱሪያ። የሰውዬው መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ? በዒዳ ላይ ያለች ሴት ስለ ወረቀት አታወራም።»

«ዒዳ የገባሁት እኔ ነኝ። እስክሪብቶው ዒዳ አልገባም።»

«ከረመዳን በኋላ እናየዋለን አቦ።»

«አቡዘር፣ ስሙ እኮ ለሱ ነው። አንተ ምን ይቀርብሃል? ካርቶኑ ይመጣልሃል። የሐሙሱም ምሳ አይቀርም።»

አቡዘር ሲመልስ ድምፁ ወፍራምነቱ ቀንሶ ነበር። «ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው የጁሱ አቡዘር ስባል። ታፔላው ከወረደ ማን ነው የምባለው?»

ሱሪያ ይህን ስትሰማ ልታዝንለት ምንም አልቀራትም ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚሉት ተረት ውሸት ነው፤ አቡዘርን ሃያ ዓመት አድምቆታል። ግን አግዳሚው ወንበር ትዝ አላት። «አቡዘር ትባላለህ። እናትህ ያወጡልህ እሱን ነው» አለችው። እሱም ወረቀቱን ሳይነካ ተነስቶ ሄደ።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ከይረዲንን ጠራችው።

«ሱቁን ዝጋ።»

«እትዬ፣ ረመዳን እኮ ነው። የዓመቱን እንጀራ የምናገኘው—»

«አውቃለሁ። ዝጋው። የሚጠይቅህ ካለ ባለቤቱን ጠይቁ በል። ባለቤቱ ታፔላው ላይ አለ።»

ከይረዲን ዘጋ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንም ልብ አላለም። በሳምንቱ ግን ከአምቡሊ ከበልበላ ሰፈሮች የሚመጡት ቸርቻሪዎች አቡዘርን በየመንገዱ ያቆሙት ጀመር። ጁሱ የት አለ? መቼ ይከፈታል? ማንጎው ከየትኛው ፋብሪካ ነበር? የብርቱካኑ ወኪል ማን ነው? አቡዘር አንዱንም አያውቅም። መጋዘኑ በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ ሳያውቅ ነው የኖረው። አንዱ ቸርቻሪ ቸኩሎ፣ «እሺ ወንዶቹን ልጆችህን ልጠይቃቸው?» አለው ይባላል።

በአሥራ ሦስተኛው ጾም፣ ዓስር ላይ፣ አቡዘር ተመልሶ መጣ። ደረቅ ከንፈሩን እየላሰ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«ሱሪያ፣ የዱባዩን ሰው ስልክ ስጪኝ።»

«ወረቀቱ እዚያው እንደተወከው ነው።»

«ቸርቻሪው እየሰደበኝ ነው።»

«አንተን አይደለም። ባለሱቁን ነው።»

«ዓብዱሰመድ ቢኖር እንዲህ አያደርግም ነበር።»

«አያደርግም» አለች ሱሪያ። «ለዚህ ነው አርባ አንድ ቁጥር ይዞ የቀረው።»

አቡዘር ወደ መጋረጃው ጠጋ አለ። ከዚያ መጋረጃው ሥር እጁ ታየች፤ ወረቀቱን ሳበችው። ሱሪያ እስክሪብቶው ሲከፈት ሰማች፤ ሲዘጋም ሰማች። «ቤት ወስጄ በደንብ ላንብበው። ፈረንሳይኛው ረጅም ነው» አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ለመግሪብ ሰላት እንዳይዘገይ ብሎ ወጣ። እስክሪብቶውንም ይዞት ሄደ።

ያቺን የጫት ከሰዓት፣ የሙሐዲንን የስልክ ጥያቄ፣ የእንግዶቹን ጭብጨባና የራሷን መርሳት፣ ሱሪያ ለከይረዲን የነገረችው በዚያው ምሽት ከፍጡር በኋላ ነው። ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር። ከይረዲን ቴምሩን ሲያገላብጥ ቆየ። በመጨረሻ፣ «ብትነግሪውም አይሰማሽም ነበር» አላት።

«ሊሰማኝ ይችል ነበር። ጣዕሙን እኔን ነበር የሚጠይቀኝ።»

ዛሬ ሃያኛው ጾም ነው። ከይረዲን በየቀኑ አቡዘር ቤት ይሄዳል፤ በየቀኑ ተኝቷል ይባላል። ማመልከቻው የሚጠብቀው እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ ፋይሉ ይዘጋል። ወረቀቱ አቡዘር ዘንድ ነው፤ አልተፈረመም። ሱቁም አልተከፈተም።